ዘፈኑ በመኪናው ይሰማል፣ ጥሪው ግን ስልኩ ላይ ይቀራል፤ ቴፑን ልቀይር?

ጥያቄ፦ «የ2013 ቪትዝ አለኝ። ከጃፓን የመጣች፣ መሪዋ ወደ ግራ የተዛወረ ናት። ፋብሪካው የገጠመላት ቴፕ እስካሁን አለ፤ ጽሑፉ በሙሉ ጃፓንኛ ነው። ከድሮው ስልኬ ጋር ሁሉም ነገር ይሠራ ነበር። አዲስ አንድሮይድ ስልክ ገዝቼ ሳገናኘው ግን ዘፈን በስፒከሩ ይወጣል፣ ሲደወል ድምፁ ስልኩ ላይ ይቀራል። በደዋዩ ስም ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይደረደራሉ። ከለገሃር ተነስቼ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ስወጣ ደግሞ ዘፈኑ ይቆራረጣል። አንድ ኤሌክትሪሺያን ‹የባትሪውን ገመድ ነቅለህ መልሰው፣ እምቢ ካለ ቴፑን ቀይር› አለኝ። ሌላው ስልኩ ኦርጅናል ስላልሆነ ነው ይላል። የማንን ልስማ?»

መልስ፦ የሁለቱንም አይስሙ። የባትሪውን ገመድ ደግሞ በፍጹም እንዳያስነቅሉ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ፣ ካርታ ያላቸው የቶዮታ ቴፖች ብዙዎቹ ኃይል ተቋርጦባቸው ሲመለስ ራሳቸውን ይቆልፋሉ። አንዱ የካርታውን ኤስዲ ካርድ አስገቡ ይላል፣ ሌላው የይለፍ ቁጥር ይጠይቃል። ካርዱ መኪናው እዚህ እስኪደርስ ባለፈበት እጅ ሁሉ መሀል ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የይለፍ ቁጥሩን የሚያውቀው ደግሞ ጃፓን ያለው የድሮ ባለቤት ነው። ያኔ ብሉቱዙ ብቻ ሳይሆን ሬዲዮውም አብሮ ይዘጋል። ጥቅም ቢኖረው እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ ግን በብዙ ቴፖች ላይ የተመዘገቡት ስልኮች ዝርዝር ኃይል ቢቋረጥም አይጠፋም። አንድ ቀን ባትሪው አርጅቶ መቀየር ካለበት፣ ባለሙያው ሌላ ባትሪ በኬብል ደግፎ ይቀይረው፤ የተነቀለው የፖዘቲቭ ጫፍ የመኪናውን ብረት እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅልለው።

ስልኩ ኦርጅናል አይደለም የሚለውን ይተዉት። ቴፕ የስልክ ኦርጅናልነት አይመረምርም። የስልኩ ብሉቱዝ ክፍል ቢበላሽ ኖሮ ዘፈኑም ባልተሰማ ነበር።

በጥያቄዎ ውስጥ የተቀላቀሉ ሦስት ችግሮች አሉ፤ መንስኤያቸውም መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። የጥሪውን ላስቀድም። ብሉቱዝ ሲባል አንድ ነገር ይመስላል እንጂ በአንዱ ሞገድ ላይ የተለያዩ አገልግሎቶች ለየብቻ ይሄዳሉ። የስልክ ንግግር ሃንድስ ፍሪ በሚባለው በኩል ያልፋል፤ ድምፅ ከሁለት ወገን ይመላለሳል፣ የመኪናው ማይክም ይሠራል። ዘፈን የሚመጣው ኤ ቱ ዲ ፒ በሚባለው ነው፤ እሱ ከስልክ ወደ ስፒከር ብቻ የሚሄድ የአንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። የስም ዝርዝሩ ደግሞ የራሱ ሦስተኛ መንገድ አለው። አንዱ ሲከፈት ሌላው ሊዘጋ ስለሚችል፣ ስልኩ ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ ማየት ሁሉም ተከፍቷል ማለት አይደለም። በዚያ ዘመን የቶዮታ ቴፖች ላይ ደግሞ አንድን ስልክ «እንደ ስልክ» መመዝገብና «እንደ ሙዚቃ ማጫወቻ» መመዝገብ ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የእርስዎ አዲስ ስልክ በማጫወቻነት በደንብ ተመዝግቧል፣ የጥሪው ምዝገባ ግን ያልተሟላ ይመስላል፤ በደዋዩ ስም ቦታ ሳጥን መታየቱ ብቻውን የጥሪው ድምፅ መንገድ ተከፍቷል ማለት አይደለም። የድሮውን ስልክ ያገናኘው ሰው ሁለቱንም ሠርቶ ሄዷል፣ አሁን ግማሹ ቀርቷል።

ስለዚህ ከሥሩ ይጀምሩ። መኪናውን ጥላ ያለበት ቦታ ያቁሙ፣ ቁልፉን ያብሩ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይሳቡ። ይህ ለደህንነት ብቻ የተባለ አይደለም፤ መኪናው መቆሙን ቴፑ ካላረጋገጠ አዲስ ስልክ የመመዝገቢያውን ቁልፍ አያበራም። ትራፊክ መብራት ላይ የእግር ፍሬን ረግጦ ለማገናኘት የሚሞክር ሰው «እምቢ አለኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሳ ነው። የእጅ ፍሬኑ ተስቦም ቁልፉ ደብዝዞ ከቀረ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የፍሬን መብራት መብራቱን ይዩ። መሪው ሲዛወር ተነቅሎ የቀረ የፍሬን ስዊች ሽቦ እዚህ ላይ ይታወቃል።

ቀጥሎ ሁለቱም ወገን ይርሳ። ስልኩ ላይ ሴቲንግ፣ ብሉቱዝ፣ ከመኪናው ስም ጎን ያለችውን ምልክት ነክተው «ፎርጌት» ይበሉ። ቴፑም ላይ ይህንኑ ስልክ ከዝርዝሩ ያጥፉት። አብዛኛው ሰው ከስልኩ ብቻ አጥፍቶ ይመለስና ቴፑ በያዘው አሮጌ የምስጢር ቁልፍ ሊያናግረው ሲሞክር ይጋጫሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የማያውቋቸው የጃፓን ስልኮች ስም ካገኙ እነሱንም ያጥፉ፤ ብዙ የቆዩ ቴፖች የሚይዙት 5 ወይም 6 ስልክ ብቻ ስለሆነ ሲሞላ አዲስ አይቀበሉም። ጃፓንኛው እንዳያስጨንቅዎት፤ የጎግል ትርጉም አፕን በካሜራው ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ አድርገው ስክሪኑ ላይ ቢያነጣጥሩ ዝርዝሩ ይነበባል። ያም ባይኖር ሁለት ምልክት ይፈልጉ፦ የስልክ እጀታና የሙዚቃ ኖታ። እርስዎ ጋ የጎደለው በእጀታው ምልክት ስር ያለው ምዝገባ ነው።

ስልኩን አጥፍተው ያብሩት፣ የብሉቱዝ ገጹን ከፍተው ይተዉት፣ ምዝገባውን ግን ከቴፑ ይጀምሩ። ስድስት አሃዝ ቁጥር በሁለቱም ላይ ከታየ አንድ መሆኑን አይተው ይቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የብሉቱዝ 2.1 ደረጃ ይህን አሠራር አመጣ። ከዚያ በፊት የነበሩት የይለፍ ቁጥር እንዲጻፍ ይጠይቃሉ፤ እሱም ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ ካልታየ 0000 ወይም 1234 ይሞክሩ። በዚሁ ቅጽበት ስልኩ ስሞችንና የጥሪ ታሪክን ለመኪናው ላካፍል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ማስታወቂያ መስሎት የሚዘጋው ይህን ነው፤ ይፍቀዱ። ከዚያ «እንደ ማጫወቻም ይመዝገብ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ እሺ ይበሉ፤ ካልመጣ በኖታው ምልክት ገብተው ያንኑ ስልክ ይምረጡ።

ሲያበቁ ስልኩ ላይ የመኪናውን ስም ገጽ መልሰው ይክፈቱ። «ፎን ኮልስ»፣ «ሚዲያ ኦዲዮ»፣ «ኮንታክት ሼሪንግ» የሚሉ ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ፤ ሦስቱም መብራት አለባቸው። ለመሞከር የኢትዮ ቴሌኮምን 994 ይደውሉ፤ የማሽኑ ድምፅ በስፒከር ከወጣ የጥሪው መንገድ ተከፍቷል። ካልወጣ ጥሪው ላይ እያሉ የስፒከሩን ምልክት ነክተው ከዝርዝሩ መኪናውን ይምረጡ። የኪስ ኢርፎን ወይም ስማርት ሰዓት ካለዎትም ያጥፉት፤ ጥሪውን እነሱ እየነጠቁት ሊሆን ይችላል። የባለቤትዎ ስልክ አብሮ ከተመዘገበም እንዲሁ፣ ቴፑ ቀድሞ ያገኘውን ነው የሚይዘው።

ድምፁ በስፒከር እየወጣ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው እርስዎን ካልሰማዎት ግን ነገሩ የሶፍትዌር አይደለም። ፋብሪካው ማይኩን ያስቀመጠው ለቀኝ መሪ ሹፌር ነው። መሪው ሲዛወር ማይኩ እዚያው ቀኝ በኩል ቀርቶ ይሆናል፤ ወይም ዳሽቦርዱ ሲገጣጠም ሶኬቱ ሳይሰካ ተረስቷል። ለመለየት ቀላል ነው፦ አንድ ሰው የፊት ቀኝ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ያውራ። እሱ ጥርት ብሎ ከተሰማ ማይኩ ደህና ነው፣ ቦታው ነው የተሳሳተው፤ ኤሌክትሪሺያን ሽቦውን አራዝሞ ወደ ግራ ያምጣው። ኤሲው የሚነፍስበት አጠገብ ግን አይለጠፍ፣ ነፋሱ ንግግሩን ይውጠዋል። የራሳቸው ድምፅ ተመልሶ ይሰማኛል የሚሉዎት ከሆነ ደግሞ በጥሪ ሰዓት የመኪናውን ድምፅ ይቀንሱ፤ ማይኩ ስፒከሩን እየሰማ ነው።

በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ውጭ አገር ካለ ዘመድ የሚመጣ ጥሪ ሌላ ጣጣ አለው። አንድሮይድ ላይ እነዚህ ጥሪዎች እንደ መደበኛ የስልክ ጥሪ ሆነው ወደ ቴፑ ላይደርሱ ይችላሉ። የመሪው ቁልፍ ካላነሳቸው ብልሽት አድርገው አይቁጠሩት፣ መኪናውን አቁመው በስልኩ ያንሱ።

ወደ ባዶ ሳጥኖቹ እንምጣ፤ እዚህ ላይ መልሱ አጭርና የማያስደስት ነው። ስሞቹን በአማርኛ ነው የመዘገቡት፣ ቴፑ ደግሞ የፊደላችን ቅርጽ የለውም። ፊደላችን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ስልክዎ ትክክለኛውን ነገር ይልካል፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ስክሪን ግን የሚስልበት ፎንት አልተጫነለትም። ይህን የሚጭን ማስተካከያ የለም፤ አለ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካጋጠመዎት ይለፉት። የሚሻለው ስሙን ሁሉ መቀየር አይደለም። ሲነዱ ግድ ማንሳት ያለብዎትን ሰዎች፣ የቤተሰብና የሥራ አሥር አሥራ አምስት ስም፣ በላቲን ፊደል ይጻፉና የቀረውን ይተዉት። ስም ጎን ያሉ የልብና የአበባ ምስሎችንም ያንሱ፣ እነሱም ሳጥን ነው የሚሆኑት።

ስሙ በላቲን ተጽፎም ቁጥር ብቻ ከታየ አመዘጋገቡን ይዩ። አንዱን በ09 ወይም በ07፣ ሌላውን በ+251 የሚጀምር አድርገው ከሆነ፣ አንዳንድ ቴፕ የሚመጣውን ቁጥር ከተመዘገበው ጋር አሃዝ በአሃዝ ስለሚያስተያይ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። የደዋዩ ቁጥር ስክሪኑ ላይ በምን አጀማመር እንደሚታይ አይተው በዚያው ይመዝግቡ። ሲም ካርድ ላይ የተቀመጡ ስሞችም ብዙ ጊዜ ወደ መኪናው አይሻገሩም፤ ወደ ስልኩ ያዛውሯቸው።

መቆራረጡን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ልመልስልዎ፦ ዘፈኑ ከየት ነው የሚመጣው? ከዩቲዩብ ወይም ከቴሌግራም በቀጥታ ከኢንተርኔት እየጎተተ ከሆነ፣ መንገድ ላይ የሚቆራረጠው የሞባይል ዳታ ሊሆን ይችላል። ብሉቱዝ ከስልክዎ እስከ ዳሽቦርዱ ያለችውን አንድ ሜትር ነው የሚሸፍነው፤ ቸርችል ጎዳናን አያውቀውም። ስልኩ ላይ የወረደ ዘፈን ይክፈቱ፣ ዳታውን ያጥፉ፣ በዚያው መንገድ ይውጡ። ካልተቆራረጠ ቴፑም ስልኩም ንጹሕ ናቸው።

የወረደውም ከተቆራረጠ ስልኩ የት እንዳለ ይዩ። ብሉቱዝ በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራል፤ ይህን ሞገድ የሰው ሰውነት ጥሩ አድርጎ ይመጠዋል። የኋላ ኪስ ውስጥ ተቀምጠውበት ያለ ስልክና መያዣ ላይ የተቀመጠ ስልክ እኩል አይደሉም። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ርካሽ ቻርጀር ካለም ነቅለው ይሞክሩ። መቆራረጥ ሳይሆን ስክሪኑ ሲጠፋ ዘፈኑ ጭራሽ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የባትሪ ቆጣቢው ሥራ ነው፤ ቴክኖና ኢንፊኒክስን ጨምሮ ብዙ አንድሮይዶች ከጀርባ የሚሠራ አፕ ይዘጋሉ። በአፑ የባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገደቡን ያንሱ። ዘፈን ማሳለፊያው አልሠራ ወይም ርዕሱ አልታይ ካለ፣ በአንድሮይድ «አባውት ፎን» ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ነክተው የዴቨሎፐር ዝርዝሩን ይክፈቱና ዘፈን የማሳለፉንና ርዕስ የማሳየቱን ሥራ የሚይዘውን የብሉቱዝ ኤቪአርሲፒ ወደ 1.4 ወይም 1.3 ዝቅ ያድርጉ፣ ከዚያ እንደገና ያገናኙ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሌላ ነገር አይንኩ፤ ይህ ማስተካከያም ለጥሪ ችግር አይረዳም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ጥሪው ካልተከፈተ፣ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ከእርስዎ የተለየ ሥሪት ያላቸው ሁለት ስልኮች ተውሰው በዚሁ መንገድ ይመዝግቡ። እነሱ ከሠሩ ችግሩ ስልክዎ ላይ ነው፤ የኔትወርክ ሴቲንጉን ሪሴት ያድርጉ፣ የተመዘገቡ ዋይፋዮችና ብሉቱዞች ይጠፋሉ፣ የሞባይል ዳታ ሴቲንጉም ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሁለቱም ካልሠሩ የቴፑ የጥሪ ክፍል ሞቷል።

ለሞተ ቴፕ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ በኦክስ፣ ማለትም የኢርፎን በሚመስለው የቴፑ ቀዳዳ የሚሰካ፣ የራሱ ማይክ ያለው ብሉቱዝ ተቀባይ። ካርቶኑ ላይ ሃንድስ ፍሪ የሚል መኖሩን ያረጋግጡ፤ ማይክ የሌለው ለዘፈን ብቻ ነው። ኃይሉን ከመለኮሻው ወስዶ ሞተሩ ሲጋዝ አብሮ የሚጮህ «ዚዝ» ካመጣ፣ በኦክስ ገመዱ መሀል የግራውንድ ሉፕ አይዞሌተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ትገባለች፣ ጩኸቱ ይጠፋል። ፍላሽ የምታክለዋን የኮምፒውተር ብሉቱዝ ግን አይግዙ፤ ቴፑ ዩኤስቢ ላይ የሚያነበው የዘፈን ፋይል እንጂ የኮምፒውተር ዕቃ ስላልሆነ ዝም ብላ ትቀመጣለች።

ኤፍ ኤም ትራንስሚተር በርካሽነቱ የሁሉ ምርጫ ነው፤ ለእርስዎ መኪና ግን ወጥመድ አለው። የጃፓን ሬዲዮ የሚጀምረው ከ76 ሲሆን በተለምዶ 90 ላይ ያበቃል። ትራንስሚተሩ ከ87.5 እስከ 108 ስለሚሠራ፣ ሁለቱ የሚገናኙት ከ87.5 እስከ 90 ባለችው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። ሸገርን በ102.1 ሳይሆን በ82.1 የሚሰሙ ከሆነ አንቴናው ላይ 20 የሚቀንስ ኮንቨርተር ተገጥሞልዎታል፤ ያኔ ትራንስሚተሩን 107.9 ላይ አድርገው ቴፑን 87.9 ላይ ይፈልጉት። ጣቢያ የሌለበት፣ ፉጨት ብቻ የሚሰማበት ቦታ መሆን አለበት።

አዲስ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ይዘው ተመሳሳይ ጥያቄ የሚያነሱም አሉ። እዚያ ስልክ መመዝገቡ አያስቸግርም፤ የብሉቱዟ ምልክት በየትኛውም ቋንቋ ያችው ናት። ቋንቋ እንቀይራለን ብለው በፍላሽ ሶፍትዌር የሚጭኑ ግን ስክሪኑን ከነኤሲ መቆጣጠሪያው ሊገድሉት ስለሚችሉ፣ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆኑን ሳያሳዩዎት አያስነኩ።

ቴፕ መቀየር የመጨረሻው ነው። ከወሰኑ፣ ወደ ሶማሌ ተራ ከመሄድዎ በፊት የቴፑን ፊት ይለኩ፤ የቶዮታው ሰፊ መጠን ወደ 200 በ100 ሚሊሜትር ነው፣ ሌላው መደበኛ ደግሞ 178 በ100፤ ጠባቡን ከገዙ ጎንና ጎኑ ላይ ክፍተት ይቀራል። የመኪናውን ኦርጅናል ሶኬት አያስቆርጡ፣ ለቶዮታ የተዘጋጀ ማገናኛ ሶኬት ያስገዙ። የመሪውን ቁልፎች ለማገናኘት ብሎ ኤርባጉን ልፍታ የሚል ካለ ያስቁሙት፤ ሽቦዎቹ ከቴፑ ጀርባ ይገኛሉ። አዲሱ ቴፕ ከኋላው የሚጠመድ ትንሽ አንቴና ካለው መጠመዱን ዳሽቦርዱ ሳይዘጋ ይዩት። ከቴፑ የሚወጣው ቢጫ ሽቦ ሁልጊዜ ኃይል ያለው መስመር ላይ፣ ቀዩ በቁልፍ የሚበራው ላይ መሆን አለባቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ቁልፉ ላይ ከታሰሩ ቴፑ ሞተር ባጠፉ ቁጥር ሴቲንጉን፣ አንዳንዱም ስልክዎን ጭምር ሊረሳ ይችላል፤ ሁለቱም ባትሪው ላይ ከታሰሩ ቴፑ ከቁልፉ ጋር አይጠፋም፣ ጠዋት ባትሪው አልቆ ያገኙታል። ሂሳቡን ሳይከፍሉ ስልክዎን ይመዝግቡ፣ ቁልፉን አውጥተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፣ ስክሪኑ መጥፋቱን ይዩ፤ መልሰው ሲያበሩ ሳይነኩት ራሱ ከተገናኘና 994 በስፒከሩ ከተሰማ ይክፈሉ።